የሕክምና አልትራሳውንድ ከፊዚዮቴራፒ ክፍል ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «አልትራሳውንድ ለጡንቻና ለመገጣጠሚያ ሕመም በመደበኛነት መታዘዙ ይቁም» የሚል ነው። ሁለቱም ተከራካሪዎች በአዲስ አበባ የሚሠሩ ፊዚዮቴራፒስቶች ሲሆኑ፣ ሐሳቡን የሚደግፉት ቀድመው ጽፈዋል።

ይቁም የሚሉት

ትከሻውን የሚያመው ሰው ማሽኑን ሲያይ መጀመሪያ በዓይኑ የሚፈልገው ስክሪኑን ነው። አልትራሳውንድን የሚያውቀው ሚስቱ ነፍሰ ጡር ሳለች ነውና፣ «ምን ይታያል?» ብሎ ይጠይቃል። ይኼኛው ምንም አያሳይም። በማሽኑ ራስ ውስጥ ያለው ክሪስታል ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ይርገበገባል፤ ጆሮ የማይሰማው፣ ብዙ ጊዜ 1 ወይም 3 ሜጋኸርዝ የሆነው ድምፅ በጄሉ አልፎ ወደ ሥጋ ይገባል፤ 3 ሜጋኸርዙ ከቆዳ ብዙም ሳይርቅ ሲቀር፣ 1 ሜጋኸርዙ ጠለቅ ይላል። ይህን አልክድም። የምጠራጠረው ፈዋሽነቱን ነው።

ቀደም ሲል እሠራበት በነበረ ክሊኒክ አንድ ጠዋት የማሽኑን ራስ ወደ ላይ አዙሬ ሁለት ጠብታ ውኃ ጣል አደረግሁበት። ማሽኑ የሚሠራ ከሆነ ውኃው ይንቀጠቀጣል፣ ኃይሉ ሲጨመርም እንደ ጉም ብን ይላል። የእኛ ውኃ ግን እንደ ተቀመጠ ቀረ። መብራቱ ይበራል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ጊዜው ሲያልቅም ይጮኻል፤ ከራሱ የሚወጣ ነገር ግን አልነበረም። ከመቼ ጀምሮ እንደ ሞተ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። በዚያው ሳምንት ግን ከአንድም ሁለት ታካሚዎች «ተመስገን፣ ቀለል ብሎኛል» ብለውኝ ሄደው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማስረጃውን በሌላ ዓይን አነበብሁት። በ2001 እ.ኤ.አ. ሮበርትሰንና ቤከር የተባሉ ተመራማሪዎች 35 ጥናቶችን መርምረው፣ ዘዴያቸው ተቀባይነት ያለው 10 ብቻ ሆነው አገኙ፤ ከእነዚህም በ8ቱ የሚሠራው ማሽን ለማስመሰል ብቻ ከተያዘው ማሽን የተሻለ ውጤት አላሳየም። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ናይስ የተባለው የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም መመሪያም ለወገብ ሕመም አልትራሳውንድ አይሰጥ ይላል። በዚያው ዓመት የታተመና 501 የቅልጥም ስብራት ታካሚዎችን የያዘ ሙከራ፣ የአጥንት መጠገንን ያፋጥናል የተባለው ደካማ አልትራሳውንድ ምንም እንዳልጠቀመ አሳይቷል።

ይቆይ የሚሉት

እህቴ የነገሩን ታሪክ የሚመሰክረው በማሽኑ ጥገና ላይ እንጂ በአልትራሳውንዱ ላይ አይደለም። የሞተ ማሽን ሰውን ካስደሰተ፣ ሕያው ማሽን አይሠራም ማለት እንዴት ይሆናል?

የጠቀሷቸው ተመራማሪዎችም በጥናቶቹ የተሰጠው የአልትራሳውንድ መጠን እጅግ የተለያየና ብዙ ጊዜም ምክንያቱ የማይታወቅ እንደ ነበር ጽፈዋል። የእኛም ችግር ይኸው ነው። 1 ሜጋኸርዝ በስኩዌር ሴንቲሜትር 1 ዋት ሲለቀቅ ጡንቻን የሚያሞቀው በደቂቃ በግምት 0.2 ዲግሪ ነው። ሙቀቱን በ4 ዲግሪ ለመጨመር 20 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ እኛ ግን 5 ደቂቃ ሰጥተን 1 ዲግሪ እናተርፋለን። ያም ቦታው ከማሽኑ ራስ ስፋት ከሁለት እጥፍ ካላለፈ ነው፤ እኛ ወገቡን ሙሉ እንደ ግድግዳ ቀለም ቀቢ እናመላልስበታለን። በዚህ መልክ የተሰጠ መድኃኒት ምንም ይሁን ምን አይሠራም።

በደንብ ሲሰጥ የሆነውን እንመልከት። በ1999 እ.ኤ.አ. ከቪየና የወጣው ጥናት ጅማታቸው ላይ ካልሲየም የተጠራቀመባቸውን 63 ታካሚዎች (70 ትከሻዎች) ይዞ፣ ለከፊሎቹ በሚሠራ ማሽን፣ ለቀሩት ለማስመሰል ብቻ በተያዘ ማሽን፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ የሚፈጅ ሕክምና 24 ጊዜ ሰጠ። ከ9 ወር በኋላ ክምችቱ ከታከሙት በ42 በመቶው ሲጠፋ፣ ካልታከሙት የጠፋው በ8 በመቶው ብቻ ነበር። በራጅ የሚታይ ነገር ነው፤ «ተመስገን» በማለት አይገኝም።

ይቁም የሚሉት

ወንድሜ የጥናቱን ግማሽ ነገሩን። በ9ኛው ወር ክምችቱ ቢለያይም፣ በሕመሙ ረገድ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልቀረም። ታካሚዬ የሚመጣው እጁ ስለሚያመው ነው፤ ራጁ እንዲያምርለት አይደለም።

24 ጊዜ ማለት ደግሞ ለ3 ሳምንት በሳምንት 5 ቀን፣ ከዚያ ለ3 ሳምንት በሳምንት 3 ቀን መመላለስ ነው። ከሰበታ በሁለት ታክሲ የሚመጣ፣ የቀን ሥራውን ትቶ የሚሰለፍ ሰው ይህን እንዲያደርግ የሚጠይቀው ማነው? በትክክል የሚሰጠውን መጠን ማንም አይሰጥም፤ የሚሰጠው መጠን ደግሞ ወንድሜ ራሳቸው እንዳሉት አይሠራም። ማሽኑ ጉዳቱ አነስተኛ ነው (ነፍሰ ጡር ሆድ፣ ዕጢና ዓይን ላይ ካልያዙት)፤ ዋናው ጉዳቱ የሚበላው ጊዜ ነው። ያንኑ ሩብ ሰዓት ትከሻን ለማጠንከር ባውለው፣ ሰውዬው ቤቱ ይዞት የሚሄደው ነገር ይኖረዋል።

ይቆይ የሚሉት

ለወገብ ይቅር ሲሉ አልከራከርም። ስለ ቁርጭምጭሚት ወለምታም እንዲሁ፤ ጥናቶቹን አንብቤ እጄን ሰጥቻለሁ። ካልሲየም ያለበትን ትከሻ ግን አልለቅም፤ በዚያው የቪየና ጥናት ሕክምናው በተጠናቀቀበት በ6ኛው ሳምንት የታከሙት ሕመማቸው ቀሎላቸው፣ እጃቸውንም በተሻለ ያዝዙ ነበር። እንጀራ ጋጋሪ ለሆነች ሴት ከ9 ወር በኋላ እኩል መሆኑ ሳይሆን፣ ምጣዱ ላይ እጇን ቶሎ ማንሣቷ ነው የሚጠቅማት።

ስለዚህ ማሽኑ ሳይሆን፣ ራጅ ሳይታይ «አልትራሳውንድ 10 ጊዜ» ተብሎ የሚጻፈው ትእዛዝ ይቁም። ማለዳ ማለዳም ሁለት ጠብታ ውኃ ይደረግበት።

ይቁም የሚሉት

በውኃውም በትእዛዙም እስማማለሁ። ያ ትእዛዝ ከቀረ ግን ወንድሜ፣ ክፍልዎ ውስጥ ያለው ማሽን በወር ስንት ቀን ይበራል?