በአንድ ጠዋት አንድ ፍርስራሽ ይበቃል

አቴንስ ያሉ አስጎብኚዎች በብዛት የሚሸጡት የአንድ ቀን ጉዞ አለ። ጠዋት የቆሮንቶስን ቦይ ከድልድይ ላይ አይቶ፣ የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ወዳለባት ሚኬኔ ወርዶ ፎቶ ተነሥቶ፣ የባሕር ዳሯ ከተማ ናፍፕሊዮ ምሳ በልቶ፣ በጥንታዊ ቴአትሩ የታወቀውን ኤፒዳውሮስን ዞሮ ማታ አቴንስ መግባት ነው። መንገዱ ብቻ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ቦታ የሚተርፈው አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በዚህ መልክ የሄደ ሰው ድንጋይ አየ እንጂ ሚኬኔን አየ ለማለት ያስቸግራል።

ቤተሰብ ይዞ ወይም ከጓደኞች ጋር ተዋጥቶ ወደ ግሪክ ለሚሄድ ሰው የሚሻለው ናፍፕሊዮ አካባቢ፣ ወይም ቶሎ በምትባለው የባሕር ዳር መንደር፣ ለአራት አምስት ሌሊት ቤት መከራየት ነው። ከናፍፕሊዮ ቲሪንስ የምትባለው ሌላዋ ጥንታዊ ምሽግ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ሚኬኔ ወደ 25፣ ኤፒዳውሮስ ከ30 አይበልጥም፤ ኔሜያና ጥንታዊቷ ቆሮንቶስም ቢሆኑ በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጁ ነው። የኪራይ ቤቱ ትልቁ ጥቅም ታዲያ የፍርስራሹ በር ሲከፈት እዚያ መገኘት መቻሉ ነው። ትልልቆቹ ስፍራዎች የሚከፈቱት 08:00 ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ከአቴንስ የሚነሡት አውቶቡሶች እስኪደርሱ ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ጸጥታ ይገኛል። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ቤት ተመልሶ ምሳ፣ ከዚያ ባሕር።

ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ዝናብ በሚወርድባት በጁላይና በኦገስት ግሪክ በሙቀት ትነድዳለች፤ ሚኬኔ ኮረብታው ላይ ደግሞ ጥላ የለም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ጁላይ አቴንስ ያለው ጥንታዊ ኮረብታ አክሮፖሊስ በሙቀቱ የተነሣ በቀትር ሰዓታት ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ለአንድ ሰው ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ውኃ፣ ባርኔጣ፣ የጎማ ሶል ያለው ጫማ ያስፈልጋል። ብዙ እግር የረገጠው ድንጋይ እንደ መስታወት ያንሸራትታል፤ ሰው የሚወድቀው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው። በግሪክ የብርድ ወራት ብዙዎቹ ቦታዎች ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚዘጉ፣ ከምሳ በኋላ እንሄዳለን ያለ ሰው በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። የትንሣኤ ዕለትም ዝግ ነው። የግሪክ ኦርቶዶክስ ፋሲካ ከእኛው ጋር በአንድ ቀን ስለሚውል ይህን ማስታወስ ለኢትዮጵያዊ አይከብድም።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል። መጀመሪያ ቲሪንስ መታየት አለበት። ዝነኛዋ ሚኬኔ ናትና ሁሉም ወደዚያ ይሮጣል፤ ቲሪንስን ግን ወደ አርጎስ በሚወስደው መንገድ ዳር በመኪና ያልፏታል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት አብረው ነው። የቲሪንስ ግንብ በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ 8 ሜትር ይደርሳል። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው መቶ ዘመን የጎበኛት ግሪካዊው ጸሐፊ ፓውሳኒያስ፣ ከድንጋዮቹ ትንሹን እንኳ ጥንድ በቅሎ ንቅንቅ አያደርገውም ብሎ ጽፏል። ግንቡ ውስጥ ለውስጥ የሚሄዱ መተላለፊያዎች አሉ። የግራና የቀኙ ድንጋይ እየተጠጋጋ ወጥቶ አናቱ ላይ ይገጥማል። መተላለፊያው ክፍት ከሆነ ዝቅ ብሎ የታችኞቹን ድንጋዮች በእጅ መዳሰስ ነው፤ ልስልስ ብለው ያበራሉ። ያለሰለሳቸው የጠራቢ መሣሪያ አይደለም። በኋለኞቹ ዘመናት እረኞች በጎቻቸውን እዚያ እያስጠለሉ፣ የበጎቹ ጸጉርና ቅባት ለብዙ ዘመን ያሻቸው ናቸው።

ይህን አሠራር በእጁ የዳሰሰ ሰው በማግስቱ ሚኬኔ ሲደርስ የአንበሶቹን በር ማንበብ ይችላል። በሩ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት 1250 ገደማ ነው። ጉበኑ ብቻ 20 ቶን ያህል ይመዝናል። በላዩ ያለው ግንብ በሙሉ ቢያርፍበት መሐሉ ላይ ይሰበር ነበር፤ ግንበኞቹ ግን ድንጋዩን ከሁለት ወገን እያጠጋጉ ከጉበኑ በላይ ሦስት ማዕዘን ክፍተት ተዉ። ሸክሙ ወደ መቃኖቹ ይወርዳል። አንበሶቹ የተቀረጹበት ድንጋይ ያንን ክፍተት የሸፈነ ስስ ሰሌዳ ነው። ከበሩ በፊት፣ በመንገዱ ዳር 500 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያለው የአትሬዎስ ግምጃ ቤት የሚባለው መቃብርም በዚሁ ስልት የቆመ ነው፤ በክብ ዙሪያ የተደረደረው ድንጋይ እየጠበበ 13 ሜትር ከፍታ ላይ ይገጥማል፣ የውስጠኛው ጉበን 120 ቶን ያህል እንደሚመዝን ይገመታል። የሚያሳዝነው ብዙ ሰው ከኮረብታው ሲወርድ ትኬቱን ጥሎ፣ ይህን ሳያይ መሄዱ ነው። ትኬቱ ለፍርስራሹም፣ ለሙዚየሙም፣ ለመቃብሩም አንድ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ኪስ ውስጥ ይቆይ።

ወደ ምድር ውስጥ ውኃ ማጠራቀሚያ የሚወርደው ደረጃም አለ፤ 18 ሜትር ያህል ጥልቅ፣ ጨለማና እርጥብ ነው። ክፍት ቢሆንም የእጅ ባትሪ ያልያዘ አይግባ። የወርቁን ጭምብል ፍለጋ ግን እዚያ አይደከምም። ጀርመናዊው ሽሊማን እ.ኤ.አ. በ1876 ቆፍሮ ያገኘውና በትሮይ ጦርነት ግሪኮችን መርቷል የሚባለው የሚኬኔው ንጉሥ የአጋሜምኖን ነው የተባለው ጭምብል ያለው አቴንስ በሚገኘው ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ነው፤ ዕድሜውም ከትሮይ ጦርነት ዘመን በመቶዎች ዓመታት ይቀድማል።

ኤፒዳውሮስ ሦስተኛው ጠዋት ይሁን። እዚያ የሚሠራው ስሕተት ቴአትሩን ብቻ አይቶ መመለስ ነው። ቴአትሩ 55 ረድፍ መቀመጫ አለው፤ 34ቱ የታችኞቹ ቀድመው የተሠሩ፣ 21ዱ ኋላ የተጨመሩ ናቸው። በጁላይና በኦገስት ዓርብና ቅዳሜ ማታ ትርኢት ስለሚታይበት፣ ቀን የሄደ ሰው ክቡ መድረክ በትርኢት ዕቃ ተሸፍኖ ሊያገኘው ይችላል። ቦታው በመሠረቱ የፈውስ አምላክ ይባል የነበረው የአስክሊፒዮስ መቅደስ፣ ሕሙማን ለፈውስ የሚመጡበት ነበር። ዝቅ ብሎ የሚገኘው አባቶን የሚባለው ቤት ሕሙማኑ በሕልም ፈውስ እናገኛለን ብለው የሚያድሩበት ነው። የተፈወሱት ምስክርነት በድንጋይ ላይ ተጽፎ ሙዚየሙ ውስጥ ቆሟል። ጸበል ቦታ ሱባዔ ይዞ የሰነበተ፣ ወይም የታመመ ይዞ የሄደ ኢትዮጵያዊ፣ እምነቱ ሌላ ቢሆንም፣ ይህን ቤት ከማንም የተሻለ ይረዳዋል።

ኔሜያ ለልጆች ትሆናለች፤ በጥንታዊ ስታዲየሟ ሯጮች የሚነሡበት የድንጋይ መስመርና ስማቸውን የጫሩበት ዋሻ መሰል መግቢያ እስከ ዛሬ አለ።

ቆሮንቶስ የመጨረሻዋ ትሁን። ጳውሎስ ተከስሶ በሮማዊው ገዥ በጋልዮስ ፊት የቀረበበት የፍርድ ወንበር እንደሆነ የሚታመነው መድረክ ገበያው መሐል ነው፤ የአፖሎ መቅደስ ሰባት ዓምዶችም ከዚያ ይታያሉ። ቅዳሴ ላይ የጳውሎስ መልእክት ሲነበብ ለሰማ ሰው ግን ከዋናው አጥር ውጭ፣ ከቴአትሩ አጠገብ ያለው የድንጋይ ንጣፍ ይበልጣል። ኤርስጦስ የሚባል ሹም ስለ ሹመቱ ንጣፉን በገዛ ገንዘቡ እንዳሠራ በላቲን ተቀርጾበታል። በሮሜ መልእክት 16፥23 ላይ የተጠቀሰው የከተማው መጋቢ ኤርስጦስ ይሁን አይሁን ሊቃውንት ይከራከራሉ። ፊደሎቹን ሞልቶ የነበረው ነሐስ የለም፣ የቀረው ጉድጓዱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መታየት ያለበት ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ በጎን ስትመታው ነው። ቀትር ላይ ጥላው ይጠፋና ጽሑፉ ከድንጋዩ ጋር ይመሳሰላል።