ናኖሜትር የፀጉር ውፍረት ሺህኛ አይደለም

«አንድ ናኖሜትር ማለት የፀጉር ውፍረት ለሺህ ሲካፈል ነው፤ ስለዚህ 100 ናኖሜትር የሚሆነው የኮሮና ቫይረስ የፀጉር አንድ አሥረኛ ነው፣ በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕም ይታያል» የሚለውን ብዙዎች እየተቀባበሉት ነው። በቅንነት የተጻፈ ይመስላል፤ ስሌቱ ግን ተሳስቷል።

አንድ ሚሊሜትር 1,000 ማይክሮሜትር ነው፤ አንድ ማይክሮሜትር ደግሞ 1,000 ናኖሜትር። የፀጉር ውፍረት ከሰው ሰው ቢለያይም አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ማይክሮሜትር ነው። 80 ብንወስድ 80,000 ናኖሜትር ይሆናል። ስለዚህ የአንድ ፀጉር ውፍረት 800 ያህል ቫይረስ ጎን ለጎን ያስደረድራል እንጂ 10 ብቻ አይደለም። የፀጉር አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 8 ማይክሮሜትር ገደማ የሚሆነው የቀይ የደም ሴል ነው። በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ የሚታየውም እሱ ነው። ተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር በታች የተቀራረቡ ነገሮችን ለይቶ አያሳይም። በእሱ አይቶ «ቫይረስ የሚባል የለም» ማለት ታዲያ ምንም አያረጋግጥም፤ የዚህ ስህተት ትልቁ ጉዳትም ይኸው ነው።

ፀጉሩን ራሳችሁ ለኩት። 25 ሳንቲሜትር ያህል የሚረዝም ፀጉር ወጠር አድርጋችሁ በእስክሪብቶ የውስጥ ቀለም መያዣ ላይ 20 ዙር ጠምጥሙ። ዙሮቹ ይነካኩ እንጂ አይደራረቡ። የያዙትን ስፋት በማስመሪያ ለክታችሁ ለ20 አካፍሉ፦ 1.6 ሚሊሜትር ከሆነ የአንዱ ውፍረት 0.08 ሚሊሜትር፣ ማለትም 80 ማይክሮሜትር ነው። በመካከል ክፍተት ከቀረ ፀጉሩ ከእውነተኛው ወፍሮ፣ ከተደራረበ ደግሞ ቀጥኖ ይወጣል።