"ፊ የለውም" ተብሎ የተላከው ዶላር ላኪው ላይ ስንት ወጣበት?

ደሴ ውስጥ ውጭ ሀገር ሰው የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ ሳውዲ ያለች እህት፣ ዱባይ ያለች ልጅ፣ ቀንቶት ደግሞ ቨርጂኒያ ወይ ሜሪላንድ የገባ ወንድም። ስለዚህ ፒያሳም ሆነ ሰኞ ገበያ ብትሄዱ ሰው ስለ ምንዛሪ ሲያወራ ትሰማላችሁ፣ በተለይ ሐምሌ 2016 ላይ የብሩ ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ዛሬ በስንት እንደዋለ ባለሱቁ ሁሉ ይነግራችኋል። ያ ዶላር ከላኪው ኪስ ሲወጣ ስንት ሆኖ እንደወጣ ግን ማንም አይጠይቅም። ዛሬ የማወራው ስለሱ ነው፣ በተለይ ስለ ክሬዲት ካርድ፣ ማለትም አሁን በባንኩ ገንዘብ ከፍለህ በኋላ ለባንኩ የምትመልስበት ካርድ።

አሜሪካ ያለው ሰውዬ የገንዘብ መላኪያ አፕ ያወርዳል፣ አፑ በምን ትከፍላለህ ሲለው ዋሌቱ ውስጥ ያለችውን ክሬዲት ካርድ ቁጥር ይሞላል፣ ካርድዎ ተያይዟል ይለዋል፣ የመጀመሪያው ትራንስፈር ያለ ፊ (ያለ አገልግሎት ክፍያ) ነው የሚል ማስታወቂያም አይቷል፣ 200 ዶላር ይልካል፣ ስክሪንሾቱ በኢሞ ይመጣል፣ እዚህ እናት ምርቃቷን ታወርዳለች። ወር ሲሞላ የካርዱ ስቴትመንት (የወሩ ሂሳብ መግለጫ) ይመጣል፣ እዛ ላይ ካሽ አድቫንስ ፊ የምትል መስመር አለች፣ ከካርዱ ጥሬ ብር ተበድረሃል ተብሎ የሚቆረጥ ማለት ነው፣ ከስሯ ደግሞ ወለድ። የአክስቴ ልጅ ላይ የደረሰው ይሄው ነው። አፑን ሲጠይቅ እኛ ምንም አልቆረጥንም አሉት፣ ባንኩን ሲጠይቅ ውል ላይ ፈርመሃል አሉት፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው እኮ፣ የሚያናድደውም እሱ ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ካርድ በተጠቀማችሁ ቁጥር ግብይቱ ባለ 4 አሃዝ ኮድ ይዞ ነው ባንኩ ጋ የሚደርሰው። ሱፐርማርኬት የራሱ ኮድ አለው፣ ነዳጅ ማደያ የራሱ፣ ገንዘብ ማስተላለፍ ደግሞ 4829፣ እንደ ካሽ የሚቆጠሩ ነገሮች 6051። ባንኩ እነዚህን ሲያይ ሰውዬው እቃ አልገዛም፣ ከኔ ላይ ጥሬ ብር ተበደረ ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ይችላል ያልኩት ባንክ ከባንክ ስለሚለያይ ነው፤ አንዱ ባንክ እንደ ግዢ የሚያየውን ሌላው እንደ ብድር ያየዋል፣ ካርዱን ሊንክ የሚያደርገው ሰው ደግሞ የሱ ባንክ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በምን ይወቅ?

ሂሳቡን እንስራው። አሜሪካ ብዙ ካርዶች ላይ የካሽ አድቫንስ ፊ 5 ፐርሰንት ወይም 10 ዶላር ነው፣ ከሁለቱ የበለጠው። ለ200 ዶላር 10 ዶላር ማለት ነው። ወለዱ በዓመት 30 ፐርሰንት አካባቢ ቢሆን (ብዙ ጊዜ እዛው አካባቢ ነው) ለአንድ ወር ወደ 5 ዶላር ይጨመራል። በአጠቃላይ 15። ይሄ ምናልባት ይቻላል ትሉ ይሆናል፣ ግን ትንሽ ትንሽ የሚልከውን ሰው አስቡት፣ 50 ዶላር ሲልክም ያው 10 ዶላር ነው የሚቆረጥበት፣ የላከውን አንድ አምስተኛ! ወር ውስጥ ለእናት፣ ለእህት፣ ለጎረቤት ለቅሶ እያለ አራቴ ቢልክ 40 ዶላር ለማንም ሳይደርስ ቀረ።

ለኔ ግን ከፊው በላይ የሚከብደኝ ወለዱ ነው፣ እና ይሄን ነጥብ አዲስ አበባ ሆነው የሚጽፉ ሰዎች ሲያነሱት አላየሁም። ክሬዲት ካርድ እቃ ከገዛህበት ስቴትመንቱ ከወጣ በኋላ ቢያንስ 21 ቀን ጊዜ ይሰጥሃል፣ በሰዓቱ ሙሉውን ከከፈልክ ወለድ የሚባል ነገር የለም። አሜሪካ ያሉ ብዙ የኛ ሰፈር ሙስሊሞች ካርድ የሚይዙት በዚህ ስሌት ነው፤ ያለ ካርድ እዛ ሀገር ቤት መከራየትም መኪና መግዛትም ስለሚያስቸግር ይይዙታል፣ ወር በወር ሙሉውን እየከፈሉ ከሪባ (በእስልምና ከተከለከለው ወለድ) ይሸሻሉ። ዑለማዎች ራሱ በካርድ ጉዳይ አንድ አይነት ነገር አይሉም፣ እሱን ለነሱ እንተወው። ካሽ አድቫንስ ላይ ግን ያ የ21 ቀን ጊዜ የለም፣ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ይቆጥራል፣ ወሩ ሲያልቅ ሙሉውን ብትከፍልም እስከዛ የተጠራቀመው አይቀርልህም። እንግዲህ ሰውዬው በረመዳን ዘካውን ለደሴ ሚስኪኖች ልኮ ሳያውቅ ወለድ ከፋይ ሆነ ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ የተጠነቀቀለትን ነገር አንዲት ቁልፍ ሲጫን አበላሹበት። ወላሂ ይሄ በ15 ዶላር የሚለካ ነገር አይደለም።

አፖቹ አላስጠነቀቁም ማለት አይቻልም፣ ትልልቆቹ የገንዘብ መላኪያዎች "ካርድ ሰጪዎ ተጨማሪ ሊያስከፍል ይችላል" ብለው ጽፈዋል። የት? ማንም የማይከፍተው ገጽ ላይ፣ ወይም ከቁልፉ ስር በደቃቅ ፊደል። እስቲ አስቡት፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ሚኒባስ ውስጥ ገብታችሁ ረዳቱ ሂሳብ ተቀብሏችሁ፣ ሐረጎን ወጥታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ የዳገቱ ለብቻው ነው፣ ውስጥ ወንበሩ ስር ተጽፏል ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? መኪናው ውስጥ የሚነሳውን ጭቅጭቅ አስቡት።

ደግሞ ይሄ እንዲሁ የብሶት ወሬ አይደለም፣ ፍርድ ቤት የደረሰ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ) በክሬዲት ካርድ ሲገዙ የነበሩ አሜሪካኖች ትናንት እንደ ግዢ ይቆጠርላቸው የነበረው ድንገት ካሽ አድቫንስ ሆኖ ፊና ወለድ መጣባቸው። የቼዝ ባንክ ደንበኞች ሳይነገረን ነው ብለው ከሰሱ፣ ባንኩም በ2020 በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ክሱን ለመጨረስ ተስማማ። ክሪፕቶ የሚገዛው ሰው ጠበቃ ይዞ ይከራከራል። ለእናቱ 50 ዶላር የላከ የታክሲ ሹፌር ግን ለ10 ዶላር ማንን ይከሳል? ዝም ነው።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ ማስጠንቀቂያው መምጣት ያለበት ካርዱ ሊንክ ሲደረግ ነው። አፑ ካርዱ ክሬዲት ይሁን ዴቢት (ከራስህ ሂሳብ ላይ የሚቆርጠው) ከመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ያውቀዋል፣ ስለዚህ "ይሄ ክሬዲት ካርድ ነው፣ ባንክህ እንደ ብድር ቆጥሮ ፊና ወለድ ሊያስከፍልህ ይችላል፣ በዴቢት ብታደርገው ይሻላል" ብሎ በትልቁ መጻፍ ምን ያቅተዋል? አያቅተውም፣ ግን ሰዎች ቆም ብለው ያስባሉ፣ ቆም ያለ ሰው ደግሞ ሊተወው ይችላል፣ ለዛ ነው የማይጽፉት ብዬ ነው የማምነው። በቪዛና በማስተርካርድ የሚቀበሉ የሀገር ውስጥ መላኪያዎችም እየመጡ ስለሆነ ለነሱም ነው የምናገረው፣ ዲያስፖራው ዶላሩን በባንክ ይላክ እያላችሁ ቀንና ማታ የምትለምኑ ከሆነ ይቺን አንድ መስመር በአማርኛ ጻፉለት።

እኛም ደሴ ያለነው ንጹህ አይደለንም። "ዛሬውኑ ላክ" እንላለን። ሰውዬው ደሞዙ የሚገባው አርብ ነው፣ ዴቢቱ ላይ ምንም የለም፣ ከባንክ አካውንት ይላክ ቢባል ደግሞ ቀናት ይፈጃል፣ ስለዚህ ያለችው ክሬዲት ካርዷ ናት፣ እናቴ ከምትቀየመኝ ብሎ ይጫናታል። ታማሚ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝቶ ከሆነ እሺ፣ ማንም ቢሆን ይልካል፣ 10 ዶላርም 20 ዶላርም ይቆረጥ። ለሰርግ መዋጮና ለሶፋ ግን ኧረ አርብ ይድረስ! ስንደውል "በምንድነው የምትልከው፣ በካርድ ከሆነ ይቆይ" ማለት ነውር የለውም።

በነገራችን ላይ ለበዓል የሚመጡ እንግዶችም ክሬዲት ካርዳቸውን ኤቲኤም ውስጥ ከተው ብር ሲያወጡ ያው ካሽ አድቫንስ ነው፣ እሱ ላይ ክርክርም የለም። ዴቢት ይዛችሁ ኑ።

እዚህ እኛ ጋር ክሬዲት ካርድ ስለሌለ አይመለከተንም የሚል ካለ ደግሞ ስልኩን ይክፈት። ቴሌብር በ2014 ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ መላና እንደኪሴ የሚባሉ የብድር አገልግሎቶችን ከጀመረ ወዲህ ሒሳብህ ሲያጥር ብድር የሚሞላልህ ነገር ኪሳችን ውስጥ ገብቷል። እየከፈልክ ሳለ የራስህ ብር አልቆ የተበደርከው የሚጀምርበት ቦታ ጋ ነው ዓይን መከፈት ያለበት፣ ክፍያና ብድር አንድ ቁልፍ ላይ ሲገናኙ ሰው ሁሌ ክፍያውን ነው የሚያየው።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ካርድ ላይ የካሽ አድቫንስ ሊሚት (የብድር ጣሪያ) ከዋናው ሊሚት ለብቻው ነው የሚቀመጠው፣ ብዙ ባንኮች ደውላችሁ ዝቅ አድርጉልኝ ወይ ዜሮ አድርጉልኝ ካላችኋቸው ያደርጋሉ። እንደዛ ከሆነ አፑ እንደ ብድር ሊወስድ ሲሞክር ካርዱ እምቢ ይላል፣ ፊ ከመቁረጥ ትራንስፈሩ ይመለሳል። ቀድሞ የተቆረጠባችሁ ካላችሁ ደግሞ ስቴትመንት እስኪመጣ አትጠብቁ፣ የወሰዳችሁትን በዛው ሳምንት መልሱ፣ ፊው ባይመለስም ወለዱ በቶሎ ይቆማል፣ ስትከፍሉም ከሚኒመሙ (ባንኩ በወሩ ቢያንስ ይሄን ክፈል ከሚለው) በላይ ይሁን፣ እ.ኤ.አ. ከ2009ኙ የአሜሪካ የካርድ ህግ ወዲህ ከሚኒመም በላይ ያለው ክፍያ ቀድሞ የሚሄደው ወለዱ ከፍ ወዳለው እዳ ነው፣ ያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይሄው ካሽ አድቫንሱ ነው። ባንኩንም ደውላችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ይመለስልኝ በሉት፣ አንዳንዴ ይመልሳሉ፣ ለአክስቴ ልጅ ፊውን መልሰውለታል፣ ወለዱን ግን አልመለሱለትም።