ከ72 ሰዓት በኋላስ?

«ሲስተር፣ ዛሬም ጨጓራዬ ነው።» እንዲህ እያለች መመላለስ ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ካርዷን ብትገልጡት ለጨጓራ ኦሜፕራዞል፣ እንደገና ኦሜፕራዞል፣ ለራስ ምታት ፓራሲታሞል፣ ለወገብ ዳይክሎፌናክ፣ የሽንት ምርመራ፣ የሰገራ ምርመራ፣ ከሥሩ «ምንም አልተገኘም» ይላል። ነርስ ነኝ። የምሠራው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ለገጣፎ በሚባሉት ሰፈሮች አካባቢ ነው። በዚያ ካርድ ላይ ካለው ጽሑፍ ግማሹ የእኔው እጅ ጽሕፈት ስለሆነ ነው ዛሬ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ተደፍረው እስካሁን ስለሚሰቃዩ ሴቶች የምጽፈው።

ነገሩን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ ልጇ ናት። ዘጠኝ ዓመት ይሆናታል። እናቷ ላቦራቶሪ ውጤት ስትጠብቅ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «እማዬ ማታ ማታ ጄሪካን ከበሩ ጋ ታስደግፋለች» አለችኝ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። በሩ ብረት ነው፣ ሁለት መቀርቀሪያ አለው። ከመቀርቀሪያው ሌላ 20 ሊትር ውሃ የሞላ ቢጫ ጄሪካን ከበሩ ሥር ይቀመጣል። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ የሚያውቅ ያውቃል። ያ ጄሪካን ግን ለቡናም፣ ለእጅ መታጠቢያም አይነካም። ሳይሞላ ከቀረ እናትየው አትተኛም። የጥበቃው ቦት ጫማ በደረጃው ላይ ሲያስተጋባ ደግሞ ልጇን ይዛ መታጠቢያ ቤት ትገባለች።

ማንነቷን ሊያስታውቅ የሚችለውን ሁሉ ቀይሬያለሁ። ከየት እንደመጣችም አልጽፍም፤ ሆን ብዬ ነው። ከትግራይ ብል አንዱ፣ ከአማራ ወይም ከአፋር ብል ሌላው፣ ስለ እሷ መስማቱን ትቶ ስለ ራሱ ወገን መከራከር ይጀምራል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ይፋ ያደረጉት የጋራ ሪፖርት የጦርነቱ ወገኖች በሙሉ ወሲባዊ ጥቃት መፈጸማቸውን መዝግቧል። ጦርነቱ ወደ አማራና አፋር ከተስፋፋ በኋላ የተፈጸመውንም ኮሚሽኑ መጋቢት 2014 ባወጣው ሪፖርት አካቷል። ለእኔ ይህ ይበቃኛል። ወንበሬ ላይ የምትቀመጠው ሴት የየትኛው ወገን ተበዳይ እንደሆነች መጠየቅ ሥራዬ አይደለም።

ሥራዬ ሌላ ነው፤ እሱንም በወጉ አላወቅኩበትም። ስለ አስገድዶ መድፈር ሕክምና የተማርነው በሰዓት የተሰፈረ ነው። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ይጀመር። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ይሰጥ። ማስረጃ ሳይጠፋ ይሰብሰብ። በአንዳንድ ሆስፒታሎች ያሉት የአንድ ማዕከል አገልግሎቶች ሐኪምን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአንድ ጣሪያ ሥር ማገናኘታቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሴቶችን አትርፏል። ግን መንገዱ ሁሉ የተሠራው ትናንት ለተጎዳችው ነው። ከአራትና ከአምስት ዓመት በፊት ተጎድታ፣ በዚያን ጊዜ ጤና ጣቢያው ተዘርፎ ወይም መንገዱ ተዘግቶ ምንም ሳታገኝ ለቀረችው፣ አሁን አዲስ አበባ ዳር ቤት ተከራይታ እንጀራ እየጋገረች ለምትሸጠው ሴት፣ በየትኛው በር ግቢ እንላታለን?

በሕክምናው ቋንቋ ድኅረ አደጋ ጭንቀት እንለዋለን። እንደ ማንኛውም መጥፎ ትዝታ ጊዜ ሲያልፍ ይሽራል ማለት ይቀላል። ችግሩ ግን አካሏ ያ ቀን እንዳለፈ አለማወቁ ነው። ድምፅ፣ ሽታ፣ የጨርቅ ቀለም በቂ ነው፤ ልቧ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ሌሊት ያባንናታል። የሚያስታውሷትን ነገሮች ስትሸሽ ለጊዜው ትረጋጋለች፤ እየሸሸች በሄደች ቁጥር ግን ፍርሃቱ ሥር ይሰዳል። መጀመሪያ ገበያ ትተዋለች፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ በመጨረሻ ጎረቤት። ሴቶቻችን ይህን ሁሉ «ልቤን ያፍነኛል»፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል»፣ «ጨጓራዬ ነው» ብለው ይነግሩናል። እነሱ አልዋሹንም። የሚያማቸው እዚያው ነው። እኛ ነን ከጨጓራው አልፈን ያልጠየቅነው።

ሆድ ይፍጀው የሚል አባባል አለን። እናቶቻችን ብዙ ነገር በዚህ አባባል ተሸክመውታል፤ ትዕግሥታቸውን አላቃልልም። ይህን ግን ሆድ አይፈጀውም። ኪም ሃክ-ሱን የተባለች ኮሪያዊት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በጃፓን ወታደሮች የደረሰባትን በአደባባይ የተናገረችው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 1991 ነበር፤ ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይታ። ስትናገር ታለቅስ ነበር። የእኛዎቹም ሃምሳ ዓመት ቆይተው እንዲናገሩ ነው የምንጠብቀው?

ሌሎች አገሮችም ፈጣን አልነበሩም። ቢሆንም የቦስኒያ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2006፣ ኮሶቮ ደግሞ በ2014 ባወጧቸው ሕጎች እነዚህን ሴቶች የጦርነት ተጎጂ ብለው በስማቸው ጠርተዋቸዋል። ኮሶቮ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ማመልከቻ ተቀብላ በወር 230 ዩሮ መክፈል ጀምራለች። ገንዘቡ ትዝታ አያጠፋም። ነገር ግን የቤት ኪራይ ይከፍላል፤ የቤት ኪራይ ጭንቀት ላይ ያለች ሴት ደግሞ ከቀጠሮ ትቀራለች፣ በየሳምንቱ የማየው ነው። እኛ ዘንድ የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 እንደተፈረመ፣ በወሩ ገደማ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የሚመልስ ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቋመ። መቋቋሙ ተገቢ ነው፤ ተዋጊውም ቁስለኛ ነው። ለእነዚህ ሴቶች የተቋቋመው ኮሚሽን ግን የቱ ነው? ሚያዝያ 2016 የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ስለ ማካካሻ ይናገራል። ፖሊሲው ወደ ሕግ፣ ሕጉ ወደ ፍርድ ቤት እስኪደርስ ሴትየዋ ጄሪካኗን እየሞላች ትጠብቅ ማለት አይቻልም።

የምንለው ሕክምና ከአቅማችን በላይ አይደለም። በምሥራቅ ኮንጎ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት አለ። ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች 12 ጊዜ ተገናኝተው፣ አብዛኛውን በቡድን፣ ትዝታቸውንና ራሳቸውን የሚወቅሱበትን ሐሳብ የሚመረምሩበት ሕክምና ተሰጣቸው። የመሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አይደሉም፤ የሠለጠኑ የአካባቢው ሴቶች ናቸው። ከ6 ወር በኋላ የድብርት ወይም የጭንቀት ሕመም ምልክት ያለባቸው 9 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የተናጠል ድጋፍ ብቻ ካገኙት መካከል ግን 42 በመቶ። እኛ ደግሞ ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉን። የጎደለው ሥልጠናና የሚከታተላቸው ባለሙያ ነው።

የጎደለው ጊዜም ነው። አንድ ጊዜ በእኛ አካባቢ የምክር አገልግሎት በፕሮጀክት ተጀምሮ ነበር። አማካሪዋ ወጣት ናት፣ ጎበዝ ናት። አንዲት ሴት አፏን ለመፍታት አምስት ወር ፈጀባት። በስድስተኛው ወር ፕሮጀክቱ ተዘጋ። ሴትየዋ መጥታ የተዘጋውን በር ስታይ ምንም አላለችም፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ አላየኋትም። እንዲህ ከሆነ ባይጀመር ይሻል ነበር እላለሁ፤ ከባድ ቃል እንደሆነ አውቃለሁ። ለእነዚህ ሴቶች አገልግሎት የሚከፈት ከሆነ በጀቱ የወረዳው ይሁን፣ ደመወዙ ቋሚ ይሁን፣ ዘመኑም በዓመታት ይቆጠር።

ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ላኪያት የሚለኝ አለ። እልካለሁ፤ ራሷን ልታጠፋ የምታስብ ሴት ስትመጣ አንድ ቀን አላሳድርም። ነገር ግን ከየካ አባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ መርካቶ በታክሲ ተገፍቶ፣ የአንድ ቀን ገቢ ትቶ፣ ስሙ በሰፈር «የእብድ ቤት» ተብሎ በሚጠራ በር መግባት ለስንቷ ይሆንላታል? ጸበል የምትሄደውንም «አትሂጂ» አልልም። መድኃኒቷን እየወሰደች ትጠመቅ። ጸሎቱ ያጽናናታል፤ «ኃጢአትሽ ነው» የሚላት ሰው እንዳያገኛት ብቻ እፈራለሁ።

የእኔ ጥያቄ ትንሽ ነው። በየጤና ጣቢያው በሩ ላይ ምንም ያልተጻፈበት አንድ ክፍል ይኑር፤ የክትባትም የግፊትም ሰው የሚገባበት፣ ማንም «ለምን ገባች» የማይልበት። ታሪኳን ለመዝጋቢ፣ ለነርስ፣ ለሐኪም፣ ለፖሊስ አራት ጊዜ አትድገም። ካልፈለገች ደግሞ ጭራሽ አትናገር፤ እንቅልፏን ለማከም የሆነውን በዝርዝር ማወቅ አያስፈልገኝም።

እስከዚያው የክትባት ክፍላችን ሐሙስ ከሰዓት ባዶ ስለሚሆን ከባለ ጄሪካኗ ሴት ጋር እዚያ እንቀመጣለን። መጀመሪያ ቀን ወንበሯን አንስታ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። እኔም የእኔን አንስቼ አጠገቧ አደረግኩ፤ ሁለታችንም በሩን እያየን ስለ እንቅልፏ እናወራለን። የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ሐሙስ በ8 ሰዓት ነው።