የጉንዳኖቹን ዘር የሚያውቅ ሰው

በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካ መታየት የጀመረው «ሲ.ኤስ.አይ.» የተሰኘው የወንጀል ምርመራ ድራማ በ1997 ዓ.ም. ግንቦት ወር ያቀረበውን፣ ኩዌንቲን ታራንቲኖ ያዘጋጀውን ባለ ሁለት ክፍል ታሪክ ሰሞኑን አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው ኮንዶሚኒየማችን ከጎረቤቶቼ ጋር ሆኜ እንደገና ተመለከትሁት። መርማሪው ኒክ ስቶክስ ታፍኖ ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ከነሕይወቱ ይቀበራል፤ ባልደረቦቹም ሲሰቃይ በካሜራ ከማየት በቀር የት እንዳለ አያውቁም። አፋኙ ራሱን በፈንጂ ስላጠፋ የሚጠየቅም ሰው የለም። በመጨረሻ ፍለጋውን ወደ አንድ የችግኝ ጣቢያ የመራው የቡድኑ አለቃ ጊል ግሪሰም ነው፤ የነፍሳት ተመራማሪ በመሆኑ ኒክን የሚነክሱትን ጉንዳኖች በምስሉ አይቶ ዝርያቸውንና የሚገኙበትን ቦታ ለየ።

ጎረቤቶቼ የተደነቁት በመሣሪያዎቹ ነበር። እኔ ግን ከጉንዳኖቹ ዓይኔን መንቀል አልቻልሁም፤ ሰውየውን ያተረፈው አንድ ሰው የአገሩን ትንንሽ ፍጥረታት አስቀድሞ ማጥናቱ ነውና።

ይህን የምለው በሰፈራችን ከደረሰው ተነሥቼ ነው። ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር በአንድ ጅምር ሕንፃ ምድር ቤት የአንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ አስከሬን ተገኘ። ፖሊስ እስኪደርስ ነጠላ አለበስነው፤ ክብሩ እንዳይነካ ብለን በቅጠል ዝንብ ስናባርር ቆየን፤ ፊቱ ላይ የነበረውንም ትል በእርጥብ ጨርቅ ጠረግንለት። ያደረግነው ሁሉ ከሐዘን የመነጨ ነበር፤ ሆኖም የሞተበትን ቀን ሊናገሩ የሚችሉትን ምስክሮች ያጠፋን እኛው ነን። የምርመራው ወረቀትም ቀኑን በግምት እንኳ ሳይጠቅስ ቀረ። እናቱ ዓርባውን ያወጡት አስከሬኑ ከተገኘበት ቀን ቆጥረው ሲሆን፣ ዛሬም ሲያገኙን «ልጄ የሞተው መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁናል።

የሚያብረቀርቀው አረንጓዴና ሰማያዊ ዝንብ አስከሬን ካገኘ ብዙም ሳይቆይ እንቁላሉን ይጥላል፤ እንቁላሉ ትል ይሆናል፤ ትሉ ካደገ በኋላ በቡናማ ቅርፊት ተሸፍኖ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ባለሙያው ትሉ የደረሰበትን ደረጃ አይቶ ቀኑን ወደ ኋላ ይቆጥራል። ነገር ግን የእድገቱ ፍጥነት በሙቀት ስለሚወሰን፣ የድራማው ታሪክ በሚፈጸምበትና የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በላስ ቬጋስ በረሃ የተለካ የትል እድገት ሰንጠረዥ፣ ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚገኘውና የኅዳር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድበት በእኛ ሰፈር እንዳለ ሊሠራ አይችልም። ሞቱ ከተፈጸመ ብዙ ቀን ሆኖት ሳለ ሰንጠረዡ ትላንት የሆነ ያስመስለዋል፤ ከዚህም የተነሣ በዕለቱ ሌላ ከተማ የነበረ ተጠርጣሪ ያለ ጥፋቱ ሊታሰር፣ ጥፋተኛውም ሊያመልጥ ይችላል።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲዎቻችን የባዮሎጂ ክፍሎች የትሉን እድገት በአገራችን አየር የመለካቱን ጥናት እንዲይዙት እጠይቃለሁ። የሚያስፈልገው በከተማዋ ዳር የታጠረ ጠባብ መሬት፣ ቴርሞሜትር፣ የዝንብ መረብና ታጋሽ ተማሪ ነው። በውጭ አገር ለዚህ የአሳማ በድን ይመርጣሉ፤ ለእኛ መነሻ የበግም ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ፖሊስም ከሬሳው ከሚሰበስበው ትል ገሚሱን በአልኮል ውስጥ፣ ገሚሱን ደግሞ ዝንብ ሆኖ ዝርያው እስኪለይ ሕያው አድርጎ ቢያቆይ፣ የሚያነብለት ሰው ሊያገኝ ይገባዋል። እድሮቻችን ደግሞ መርማሪ እስኪደርስ ሬሳውን እንዳንነካ፣ ዝንቡንም እንዳናባርር ሊያስተምሩን ይችላሉ። ሐዘን ላይ ላለ ሰው ይህን መስማት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እኔም ያን ዕለት ቅጠል ከያዙት አንዱ ነበርሁ።

ያ ወጣት የተገኘው በኅዳር ነውና፣ ጥናቱም ከዚያው ወር ብርድ ቢጀምር እወድዳለሁ።