እኔም ፎኒክስ ሳይክሌን ሸጬ እስካሁን ይቆጨኛል
አንድ ጸሐፊ ስለ ሸጣት ሳይክሉ ሲጽፍ እስካሁን መንገድ ላይ በዓይኔ እፈልጋታለሁ ያለው ነገር ነካኝ። እኔ ባህር ዳር ነው ያደግኩት፣ ከተማው ሜዳ ስለሆነ ያኔ ሁሉም በሳይክል ነው የሚሄደው፣ የኔዋ ጥቁር ፎኒክስ ነበረች ከአባቴ የወረስኳት፣ እማዬን ከኋላ አፈናጥጬ ገበያ የማደርስባት፣ ደወሏ ስለማይሰራ በአፌ "ዞር በሉ!" እያልኩ ነበር የምነዳት ሃሃሃ። ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ሲደርሰኝ ለብርድ ልብስና ለመሳፈሪያ ብዬ ሸጥኳት (ለነገሩ ለዛ ሁሉ ዳገት ምን ትሆነኛለች)። የገዛት ልጅ እማዬ ኮርቻው ላይ የሰፋችውን ቀይ ጨርቅ እዛው ገንጥሎ ጣለው፣ አንስቼ ኪሴ ከተትኩት። አሁን ከተማውን ባጃጅ ሞልቶታል፣ ግን ጥቁር ፎኒክስ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ግራ ፔዳሉን ነው፣ የኔዋ ላስቲኩ አልቆ ብረቱ ብቻ ነበር የቀረው።