ማሊያው የማን ነው?

ጨዋታው አልቆ ሰው ሲበተን አራታችን ቀረን። ቡድኑ የተሸነፈበት ጓደኛችን ጥፋቱን ከተከላካዩ ወደ አሰልጣኙ፣ ከአሰልጣኙ ወደ ክለቡ ባለቤት እያሻገረ ነበር። ወሬውም «የጥሩ ክለብ ባለቤት ዋና ባሕርይ ምንድን ነው?» ወደሚል ክርክር ዞረ።

«ሰውዬው ቆንቋና ነው!» አለ። «ባለቤት ከሆንክ እጅህ ይፈታ። አብራሞቪች በ2003 ቼልሲን ገዛ፣ ገንዘቡን ዘረገፈ፣ ዋንጫው መጣ። አለቀ።» (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምንቆጥረው።)

በዕድሜ የሚበልጡን ሰውዬ ሳቁ። «ገንዘብማ መግቢያ ቲኬቱ ነው፤ እንደ ባሕርይ አትቁጠርልኝ። የእንግሊዙን ክለብ ቤሪን በ2018 መጨረሻ የገዛው ሰው የከፈለው አንድ ፓውንድ ነው። ዓመት ሳይሞላ፣ ነሐሴ 2019 ላይ፣ በ1885 የተመሠረተ ክለብ ከሊጉ ተባረረ። ገንዘቡ ካለ በኋላ ነው ስለ ባሕርይ የሚወራው። እኔ ትዕግሥት እላለሁ።»

«የቼልሲውን አሰልጣኝ ዲ ማቴዎን ረሱት እንዴ?» አለ ተሸናፊው። « ግንቦት 2012 ቻምፒየንስ ሊጉን አመጣ፣ ኅዳር ላይ ተባረረ። በቀጣዩ ግንቦት ደግሞ ቼልሲ ዩሮፓ ሊግን በላ። አብራሞቪች ታግሶ ነው?»

ሰውዬው መልስ አጡ። እውነቱን ለመናገር እኔም አጣሁ።

ሦስተኛው «ጨዋታውን የሚያውቅ ባለቤት ይሻላል» ብሎ ገባ። ይቺን ቶሎ ያዝኳት። የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የሆነው የዳላስ ካውቦይስ ባለቤት ጄሪ ጆንስ ራሱ በኮሌጅ የተጫወተ ሰው ነው። ክለቡን በ1989 ገዝቶ የተጫዋች ምርጫውንም ለራሱ ያዘ። እስከ 1996 መጀመሪያ ሦስት ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የሊጉን ዋንጫ፣ አገኘ። ሁለቱን ካመጣለት አሰልጣኝ ጋር ግን በ1994 ተለያየ፤ ከ1996 ወዲህም ዋንጫውን አላየውም።

«እሺ፣ አንተ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

ይሉኝታ ነው የምለው። ሳቁብኝ። ነጋዴን ይሉኝታ ያከስረዋል ይባላል፤ ልክ ነው፣ ሸቀጥ ለሚሸጥ። የዌልሱን ክለብ የካርዲፍን ባለቤት ቪንሰንት ታንን ግን አስቡት። ገንዘብ አለው፣ አልሸሸም። በ2012 የሰማያዊውን ክለብ ማሊያ ቀይ አደረገው። ክለቡ «ሰማያዊዎቹ ወፎች» ነው የሚባለው! አርማው ላይ ትልቅ ቀይ ዘንዶ ተሳለና ወፏ ትንሽ ሆና ከሥሩ ተወሸቀች። በዓመቱ ቡድኑ ፕሪሚየር ሊግ ገባ፤ የደጋፊው ቅሬታ ግን አልበረደም። አባቱ ያለበሰውን ቀለም ነዋ የተነጠቀው። ሰማያዊው የተመለሰው ጥር 2015 ነው። ይሉኝታ ያለው ሰው ቢሆን ከመቀየሩ በፊት «እነዚህ ሰዎች ምን ይሉኛል?» ብሎ አንድ ሌሊት ያድር ነበር። አሰልጣኝ ማባረር፣ ተጫዋች መሸጥ መብቱ ነው፤ ይሳሳት፣ ይታረማል። ቀለሙን ግን እሱ አላመጣውም።

ተሸናፊው ጓደኛችን ጃኬቱን እየለበሰ «ቆንቋናም ቢሆን?» አለኝ።

ደሞዝ በቀኑ ከከፈለ፣ አዎ። አልተዋጠለትም።